«ኤርፖርት አጠገብ» የተባለው መሬት በነሐሴ ምን ይመስላል?

ደላላ መሬት ሲያሳይ ጥርን ወይም ሚያዝያን ይመርጣል። መንገዱ ደርቋል፣ መኪና እስከ ድንበር ችካሉ ድረስ ይገባል፣ ሜዳውም ለጥ ብሎ ይታያል። በግንደወይን፣ በቢቸናም ሆነ በሞጣ የከተማ ዳር ቦታ ያፈላለገ ነጋዴ ይህን ያውቃል። ሆኖም ያው ቦታ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ምን እንደሚመስል ሳያይ ቀብድ የሚቆጥር ገዢ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። መንገድ አስጊ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ በስልክ በተላከ ፎቶግራፍ ብቻ ውል የሚያስር አለ። ፎቶግራፉ የበጋ መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂቱ ነው።

አሜሪካኖች «ኤርፓርክ» የሚሉት የመኖሪያ መንደር አላቸው። ባለቤቱ አውሮፕላኑን እንደ መኪና ከቤቱ ጎን ያቆማል፤ ከደጁ ተነስቶ በመንደሩ ጎዳና እየነዳ ማኮብኮቢያው ላይ ይደርሳል። በፍሎሪዳ፣ ዴይቶና ቢች አጠገብ የሚገኘው ስፕሩስ ክሪክ በዚህ ረገድ ስመ ጥር ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መንደር የለም። «ኤርፖርት አጠገብ» የሚለው የደላላ ቃል ግን አለ፤ ዋጋም ያስጨምራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ ግዙፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሊገነባ መሆኑ ከተሰማ ወዲህ የቃሉ ተፈላጊነት ብሷል። ሞጣም ብትሆን የአውሮፕላን ሜዳ የነበራት ከተማ ናት፤ «ኦቲኤ» የሚል ዓለም አቀፍ ኮድ እስከ መያዝ ደርሳለች።

ቃሉ የሚሸፍነው አንድ ነገር አለ። የአውሮፕላን ሜዳ የሚመረጠው ለጥ ያለ በመሆኑ ነው፤ ለጥ ያለ መሬት ደግሞ ውሃ ቶሎ አያሳልፍም። ማኮብኮቢያው ራሱ ከፍ ተደርጎ፣ ግራና ቀኙ ቦይ ወጥቶለት ስለሚሠራ ውሃው ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ሒሳቡ እነሆ፦ 1 ሺህ 500 ሜትር ርዝመትና 30 ሜትር ስፋት ባለው አስፋልት ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 900 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። በበርሜል ሲለካ 4 ሺህ 500 በርሜል ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚወርድ ሲሆን ቦዩ የሚያበቃው የማን ግቢ ላይ እንደሆነ መጠየቅ የገዢው ፋንታ ነው። ትልልቆቹም አልዳኑም። የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ አውሮፕላን ማረፊያ በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. በጎርፍ ተውጦ እስከ ጥቅምት ተዘግቶ ነበር።

ወደ ጎጃም እንመለስ። የግንደወይንና የቢቸና አካባቢ ደጋማ ሜዳ ነው፤ የአባይ ሸለቆ ከታች በጣም ርቆ ስለሚገኝ «ወንዝ ሞልቶ ይወስደኛል» የሚል ስጋት እምብዛም አይነሳም። ችግሩ ያለው ዋልካው ላይ ነው። ጤፍ የሚያበቅለው ጥቁር ዋልካ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን ውሃ ላዩ ላይ አስተኝቶ ያቆየዋል። ቤትን የሚያፈርሰው ጎርፍ ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ እያበጠና እየሟሸሸ መሠረት የሚያነቃንቅ አፈርም እንዲሁ ነው። ለዚህ ነው ሁለት ሜትር ያህል ጉድጓድ አስቆፍሮ ማየት ከማንኛውም የደላላ ምስክርነት የሚበልጠው።

ሌላው ምስክር እንግጫ ነው። በጎጃም ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ እንግጫ ለመንቀል የሚወርዱበትን መስክ የአገሬው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እንግጫ ርጥበት ወዳድ ሣር ነው፤ ደረቅ ጉብታ ላይ አይገኝም። «ልጆቹ እንግጫ የሚነቅሉት የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። መልሱ ወደ ገዙት ቦታ የሚያመለክት ከሆነ ዋጋውን እንደገና መነጋገር ይገባል። ፊላና ደንገል ያለበትም ያው ነው፤ «ጨፌ» ተብሎ የሚጠራ መስክም ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። የአያቶችን ስያሜ ደላላ ቢቀይረው ውሃው አይቀይረውም።

የውሃ ልክ የቱ ነው?

ሽማግሌ ሲጠየቅ «እዚህ ድረስ ሞልቶ አያውቅም» ይላል። ይህ ቃል በሰባራ ድልድይ ተፈትኗል። ከሞጣ ወደ ጎንደር በሚያሻግረው በዚህ አሮጌ የአባይ ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ የተሰበረው ቅስት በ2002 እ.ኤ.አ. በብረት ተቀጠለ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ወይም ገና እንደሞላ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የመጣው ሙላት ብረቱን ጠራርጎ ወሰደው። በ2009 እ.ኤ.አ. የተተካው ተንጠልጣይ ድልድይ የተሠራው ከፍ ብሎ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ደካሞች አልነበሩም፤ ውሃው ከጠበቁት በላይ መጣ እንጂ።

ደግሞም ዝናቡ እርስዎ ግቢ ላይ መጣል የለበትም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋን ሌሊት የመታውና ከ200 በላይ ሰው የገደለው የደቻቱ ጎርፍ የተነሳው በስተላይ ካሉት ተራሮች ነው። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነበር።

መሐንዲሶች «የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚሉት በመቶ ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ማለት አይደለም፤ በየዓመቱ የመከሰት ዕድሉ ከመቶ አንድ የሆነ ማለት ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመድረሱ ዕድል 26 በመቶ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት የሰጠው ዘመን 99 ዓመት መሆኑን ስናስብ ዕድሉ 63 በመቶ ይደርሳል። እንዲህ ያለውን ዕድል በንግዱ የሚንቅ ነጋዴ አላየንም፤ ቤት ሲገዛ ግን ይንቀዋል።

እርግጥ ረባዳ ቦታ ሁሉ አይገዛም ማለት አይደለም። ዋጋው ይስተካከል ነው ነገሩ። 500 ካሬ ሜትር ቦታ በአንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ 500 ሜትር ኩብ ገረጋንቲ ይፈልጋል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ ከ31 ምልልስ በላይ ነው፣ ሲጠቀጠቅ የሚሟሽሸው ሳይታሰብ። ዋልካው ተቆርጦ ይውጣ ከተባለም የማንሻው ወጪ ይጨመራል። ይህን በአካባቢው የገልባጭ ዋጋ አባዝቶ ከሻጩ ዋጋ ላይ መቀነስ ነው። የእሳት አደጋ መድን ያለው ገዢም ጎርፍ በውሉ ውስጥ በተጨማሪ ዋስትና መግባቱን አንብቦ ያረጋግጥ፤ ብዙ ጊዜ ካልተጠየቀ አይገባም።

መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት እንደማይሸጥ፣ የሚተላለፈው ቤቱና የሊዝ መብቱ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። የገበሬ አረንጓዴ ደብተር ይዞ «ነገ ከተማ ይገባል» ለሚል ሻጭ ጎርፉም ሳይመጣ ገንዘቡ ሊሄድ ይችላል። ካርታ ያለው ቦታ ከሆነ ማዘጋጃ ቤት ገብቶ ፕላኑ ላይ የውሃ መውረጃው የት እንደተሰመረ፣ ከበላይ ያለው የመንገድ ቱቦ አፉን ወዴት እንዳዞረ ማየት ያስፈልጋል። ከተቻለም ቀያሽ ይዞ መሄድ ነው፤ ዓይን «ሜዳ ነው» ያለውን መሣሪያው ስልሳ ሳንቲ ሜትር ረባዳ ሊያደርገው ይችላል።

በበጋ መግዛት ግድ ለሆነበት አንድ መላ አለ። ከዋጋው የተወሰነውን፣ ለምሳሌ አንድ አምስተኛውን፣ እስከ መስከረም መጀመሪያ በሦስተኛ ወገን እጅ ለማቆየት በውሉ ላይ ማስፈር ነው፤ ቦታው በክረምቱ ውሃ ከተኛበት ይቀነሳል። ደላላው አይወደውም፤ ኮሚሽኑ ይዘገያል። ሻጩ ግን ግቢው ደረቅ መሆኑን በእርግጥ የሚያውቅ ከሆነ ጥቂት ተከራክሮ ይፈርማል። ወዲያው «ሌላ ገዢ አለኝ» ካለ፣ ያ ሌላ ገዢ ይግዛው።