ርዕስ ሳይሆን ጥያቄ ያዙ፦ በውጭ ቋንቋ የግል ጥናት እንዴት ይሠራል?

ስምንት ደቂቃ ሙሉ ሳልደናቀፍ በጀርመንኛ ተናገርኩ። ስለ ነፋስ ኃይል፣ ስለ ሶላር፣ ጀርመን የኒውክሌር ጣቢያዎቿን ስለ መዝጋቷ። ስላይዶቹ ያምራሉ፣ ግራፎቹ ያምራሉ፣ ሰዋስዉም እንከን አልነበረውም። ስጨርስ አስተማሪያችን ፈገግ ብለው አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ከዚህ ሁሉ አንተን በጣም ያስገረመህ የቱ ነው?»

ዝም አልኩ።

ጥያቄው ገብቶኛል። መልሱንም በአማርኛ አውቀዋለሁ። በጀርመንኛ ግን ከአፌ የወጣው «እ...» ብቻ ነበር። አስተማሪያችን ጥያቄውን ቀለል አድርገው ደገሙልኝ፤ አሁንም «እ...»። የክፍሉ ልጆች አንገታቸውን ደፉ። በዚያ ሴሚስተር ኮርሱን ወደቅኩ። የቋንቋ ወረቀቱን ተማምኜ ያመለከትኩት የረዳት መምህርነት ሥራም ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ምን ነበር ያጠፋሁት? ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፣ በትርጉም ሶፍትዌር ወደ ጀርመንኛ ገለበጥኩት፣ ከዚያ እንደ ዳዊት ደገምኩት። ጀርመንኛ የሚመስል ድምፅ አወጣሁ እንጂ በጀርመንኛ አንድም ነገር አላሰብኩም። ሁለተኛ ጊዜ ስሞክር ግን ሥራውን እንደ ኢንጂነሪንግ ፕሮጀክት ያዝኩት፤ ያኔ ተሳካልኝ። ፈረንሳይኛ፣ ቻይንኛ፣ ዓረብኛ ወይም ሌላ ቋንቋ እየተማራችሁ «የግል ጥናት ሥሩ» ከተባላችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሚፈተነው ምንድን ነው?

ማንኛውም ኢንጂነር ሥራ ከመጀመሩ በፊት «ይህ ነገር ምን እንዲችል ነው የሚፈለገው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ነው የገባሁት።

የብሪታንያን ኤ-ሌቭል የቋንቋ ፈተና እንይ። ተማሪው ቋንቋው ከሚነገርበት አገር ጋር የተያያዘ ጉዳይ ራሱ ይመርጣል፣ ያጠናል፣ ከዚያ በቃል ያቀርባል። የማቅረቢያው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ተከትሎ የሚመጣው ውይይት ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይረዝማል። የጎተ ኢንስቲትዩት የቢ1 እና የቢ2 የንግግር ፈተናዎችም አጭር ገለጻ ካቀረባችሁ በኋላ ወደ ጥያቄና ውይይት ያስገቧችኋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተሸመደደ ንግግር ማንም ሊያቀርብ ይችላል፤ ያልተጠበቀ ጥያቄ ሲመጣ መልስ የሚገኘው ግን ነገሩን በዚያው ቋንቋ ካብላላ ሰው ነው።

ስለዚህ የምትዘጋጁት ለንግግሩ ብቻ አይደለም፤ ከንግግሩ በኋላ ለሚመጣውም ነው። ይህ ከገባችሁ የሚቀጥሉት ውሳኔዎች ሁሉ ይቀላሉ።

ከርዕስ ወደ ጥያቄ

የመጀመሪያው ርዕሴ «የጀርመን የኃይል ሽግግር» ነበር። ይህ ርዕስ ሳይሆን ውቅያኖስ ነው። የታዳሽ ኃይል ሕጉ በ2000 ወጣ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት የኒውክሌር ጣቢያዎች በኤፕሪል 2023 ተዘጉ፤ በመካከሉ ስንትና ስንት መንግሥት፣ ኩባንያና ክርክር አለ። ሁሉን ልናገር ብዬ ምንም ሳልናገር ቀረሁ።

ሁለተኛ ጊዜ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ያዝኩ፦ «የሾናው ነዋሪዎች የከተማቸውን የመብራት መስመር ለምን ገዙ?»

ሾናው በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ ጥቁር ደን በሚባለው ተራራማ አካባቢ ያለች፣ ወደ 2,500 ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። በ1986 የቼርኖቤል የኒውክሌር አደጋ ሲደርስ ጨረር የያዘው ደመና እስከዚያ ድረስ ዘለቀ። ልጆቻችን መሬት ላይ ቢጫወቱ፣ ወተት ቢጠጡ ምን ይሆናሉ ብለው የተጨነቁ ወላጆች ተሰባሰቡ። መጀመሪያ ያደረጉት ቀላል ነገር ነው፤ ማን ብዙ መብራት ይቆጥባል ብለው ውድድር አዘጋጁ። ቀጥለው በአካባቢው መብራት የሚያከፋፍለው ኩባንያ የቁጠባ ሐሳባቸውን እንዲደግፍ ጠየቁ፤ ኩባንያው ግን ፍላጎት አላሳየም። «እንግዲያው መስመሩን ራሳችን እንያዘው» አሉ። ጉዳዩ በ1991 እና በ1996 ሁለት ጊዜ ለከተማው ሕዝበ ውሳኔ ቀረበ፤ ሁለቱንም ጊዜ በጠባብ ልዩነት አሸነፉ። በ1997 መስመሩን ተረከቡ። ከመሪዎቹ አንዷ ወይዘሮ ኡርዙላ ዝላዴክ በ2011 የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ተሸለሙ።

ልዩነቱ ታያችሁ? ሰው አለ፣ ቦታ አለ፣ ግጭት አለ፣ መጀመሪያና መጨረሻ አለ። «ምን አስገረመህ?» ብትሉኝ አሁን መልስ አለኝ።

የእናንተንም ሐሳብ በሦስት ወንፊት አበጥሩት።

አንደኛ፦ በ«ለምን» ወይም በ«እንዴት» ይጠየቃል? «የፈረንሳይ ምግብ» አይጠየቅም። «ፓሪስ ውስጥ የዳቦ ቤቶች የሥራ ሰዓት እንዴት ይወሰናል?» ይጠየቃል።

ሁለተኛ፦ ቦታ፣ ጊዜ ወይም ሰው ተወስኖለታል? አንዱ እንኳ ከሌለው ገና ሰፊ ነው።

ሦስተኛ፦ ጥሩው መልስ ያለው በዚያ ቋንቋ ነው? ይህ ዋናው ነው። መልሱን በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ሙሉ በሙሉ ማግኘት ከቻላችሁ እንደኔ መተርጎም ትጀምራላችሁ፤ ቋንቋው የጥናቱ መሣሪያ መሆኑ ይቀርና ጌጥ ይሆናል።

ጠባብ ጥያቄ ቃላት ያስተምራል

«ከጠበበ ቃላት አይጠፋብኝም?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ስቲቨን ክራሽን «ጠባብ ንባብ» የሚለው ሐሳብ አለ፦ ከአሥር የተለያዩ ርዕሶች አንድ አንድ ጽሑፍ ከማንበብ ስለ አንድ ጉዳይ ብዙ ጽሑፍ ማንበብ። ስለ አንድ ነገር የሚጽፉ ሰዎች ተመሳሳይ ቃላት ደጋግመው ስለሚጠቀሙ፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ ያደክማችኋል፣ ሁለተኛው ይሻላል፣ አምስተኛው ላይ መዝገበ ቃላቱን ትረሱታላችሁ።

እኔ ላይ የሆነው ይኸው ነው። «ሽትሮምኔትስ» የሚለው ቃል መጀመሪያ ሳየው አስፈራኝ። ሲፈታ ግን «ሽትሮም» ኤሌክትሪክ፣ «ኔትስ» መረብ፤ በቃ የኤሌክትሪክ መረብ። «ቢርገርኤንትሻይድ» ደግሞ ዜጋ እና ውሳኔ የሚሉ ቃላት ተጋጥመው የሠሩት ነው፤ በከተማ ደረጃ የሚካሄድ ሕዝበ ውሳኔ ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት በየገጹ ስለሚመላለሱ መሸምደድ አላስፈለገኝም።

ከሁሉ የማልረሳው ግን «ሽቶርፋል» የምትለዋን ነው። በኢንጂነሪንግ ቋንቋ በኒውክሌር ጣቢያ ወይም በኬሚካል ፋብሪካ የሚደርስ አደገኛ ብልሽት ማለት ነው። የተወሰደችው «መረበሽ» ከሚል ግስ ነው። የመስመሩ ባለቤት 8.7 ሚሊዮን ማርክ ሲጠይቅ የሾናው ሰዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ በመላው ጀርመን ዘመቻ ጀመሩ። መፈክራቸው «ኢኽ ቢን አይን ሽቶርፋል» ነበር። በአንድ በኩል «እኔ የኒውክሌር ብልሽት ነኝ»፣ በሌላ በኩል «እኔ ረባሽ ነኝ፣ አልመቻችሁም» ማለት ነው። በትርጉም ሶፍትዌር ብታስገቡት ቀልዱ ይሞታል። በጀርመንኛ ስታነቡት ግን የተናደዱ ግን የሚስቁ ሰዎች ፊታችሁ ይቆማሉ። እኔን ያስገረመኝ ይህ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ባጠና ኖሮ አላገኘውም ነበር።

ምንጭ ፍለጋ፦ ከቀላሉ ወደ ከባዱ

መጀመሪያ ትክክለኛውን የፍለጋ ቃል ያዙ። አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፦ ዊኪፔዲያ ላይ ጉዳዩን በምታውቁት ቋንቋ ክፈቱና በቋንቋ ምርጫው ወደምትማሩት ቋንቋ ተሻገሩ። የምታገኙት ርዕስ የመዝገበ ቃላት ትርጉም ሳይሆን ሰዎቹ ራሳቸው ነገሩን የሚጠሩበት ስም ነው። ያንን ስም ይዛችሁ ፈልጉ። የዊኪፔዲያ ጽሑፉ ግን መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ ከግርጌው ወዳሉት ምንጮች ውረዱ።

ቀጥሎ ጆሯችሁን አለማምዱ። ጀርመንኛ ለሚማር ዶይቼ ቬለ ዜናን በዝግታ እያነበበ ያቀርባል፤ ፈረንሳይኛ ለሚማር አር ኤፍ አይ በቀላል ፈረንሳይኛ የሚሠራው ዜና አለ። (ዶይቼ ቬለ የአማርኛም ዝግጅት አለው፤ ለፕሮጀክታችሁ ስትሉ ለጊዜው ራቁት!)

ከዚያ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ምንጭ ፈልጉ፦ አንድ የዜና ጽሑፍ፣ አንድ ራሳቸው ባለጉዳዮቹ የተናገሩት ቃለ መጠይቅ ወይም ቪዲዮ፣ አንድ ደግሞ በሐሳባቸው የማይስማማ። ሦስተኛውን አትዝለሉት። ሕዝበ ውሳኔውን የተቃወሙት የሾናው ሰዎች ምን ፈሩ? ዋጋ ይጨምራል፣ ልምድ የሌለው ሰው መስመር ቢይዝ መብራት ይጠፋል የሚል ስጋት ሊኖራቸው ይችላል። አስተማሪ የሚጠይቀውም ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ነው፦ «ሌላው ወገንስ ምን ይላል?»

ማስታወሻችሁን በአማርኛ አትያዙ

ይህ ይከብዳል፤ ግን ልዩነቱን የሚያመጣው እሱ ነው። አንድ አንቀጽ አንብቡ፣ ስክሪኑን ዝጉ፣ የተረዳችሁትን በምትማሩት ቋንቋ በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ስህተት ቢኖርበትም ግድ የለም። ከዚያ ከፍታችሁ አነጻጽሩ።

«ዝጉ» የምላችሁ በምክንያት ነው። በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። አንዱ ወገን ጽሑፉን ደግሞ አነበበ፤ ሌላው ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፦ ሳያዩ የጻፉት 56 በመቶ ሲያስታውሱ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ብቻ አስታወሱ። ደጋግሞ ማንበብ «አውቄዋለሁ» የሚል ስሜት ይሰጣል፤ የሚጠቅመው ግን ከጭንቅላት ጎትቶ ማውጣት ነው። በጥያቄ ሰዓት የምታደርጉትም ይህንኑ አይደል?

የስድስት ሳምንት ዕቅድ

ሳምንት 1፦ ሦስት ጥያቄ አስቡ፣ በወንፊቱ አበጥሩ፣ አንዱን ያዙ። በዚያው ሳምንት ስለ ጥያቄው አንድ ደቂቃ ተናግራችሁ በስልክ ቅዱ። ያሳፍራል፤ ይሁን። ኢንጂነር መጀመሪያ የሚሠራው ናሙና ሁልጊዜ አስቀያሚ ነው።

ሳምንት 2 እና 3፦ አንብቡ፣ አዳምጡ፣ ዘግታችሁ ጻፉ። ጥያቄው መልስ ከሌለው ለመቀየር ጊዜው አሁን ነው።

ሳምንት 4፦ መልሳችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ካልቻላችሁ ገና አልገባችሁም፤ ወደ ምንጮቹ ተመለሱ።

ሳምንት 5፦ ንግግሩን አዘጋጁ። ሙሉውን አትጻፉት፤ በወረቀት ላይ አሥር ቃል ብቻ ይኑር።

ሳምንት 6፦ ፈትኑት።

ከመፈተናችሁ በፊት ተፈተኑ

ትራንስፎርመር ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት ይፈተናል፤ እክል ካለው ሰፈር መብራት ላይ ሳይሆን እዚያው ይታወቅ ተብሎ ነው። እናንተም ንግግራችሁን ለክፍል ጓደኛችሁ አቅርቡና አምስት ጥያቄ እንዲጠይቃችሁ አድርጉ፤ ጥያቄዎቹን አስቀድማችሁ አትዩ። ሰው ከጠፋ ቻትጂፒቲን መጠቀም ትችላላችሁ፤ ግን ጠያቂ አድርጉት እንጂ ጸሐፊ አታድርጉት። መልስ ሲጠፋባችሁ ወደ አማርኛ አትሽሹ። «እስቲ በሌላ መንገድ ልግለጸው» ወይም «ጥያቄውን በትክክል ከተረዳሁት...» የሚሉትን ዓረፍተ ነገሮች በምትማሩት ቋንቋ አስቀድማችሁ አጥኑ። እነዚህ ሁለቱ በጭንቅ ሰዓት ለአእምሯችሁ ጥቂት ሰከንድ ይገዙለታል።

እድሉ ካለ ደግሞ ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነ አንድ ሰው አናግሩ። ይህ አዲስ ዘዴ አይደለም። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ግዕዝን መጀመሪያ ለብቻው ከመጻሕፍት ነበር የለቀመው። በ1649 ሮም ላይ የመካነ ሥላሴውን አባ ጎርጎርዮስን ካገኘ በኋላ ግን ጥናቱ ሌላ መልክ ያዘ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን አገር ጎታ ድረስ መጡለት፤ ሁለቱ ቁጭ ብለው እየተጠያየቁ ሠሩ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። ሉዶልፍ ከእሳቸው የተማረውን ይዞ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ያ ሁሉ የተጀመረው አንድ ሰው ሌላውን «ይህ በእናንተ ቋንቋ ምን ማለት ነው?» ብሎ በመጠየቁ ነው።

ሁለተኛውን ገለጻዬን ስጨርስ አስተማሪያችን ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። ስለ «ሽቶርፋል» ነገርኳቸው። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ አንድ ግስ ቦታው ጠፋብኝ፣ አንድ ጾታ አምታታሁ። እሳቸው ግን ስህተቱን አላረሙኝም፤ ሳቁና «እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፣ መፈክሩን አስታውሰዋለሁ» ብለው የራሳቸውን ታሪክ ጀመሩ። ፈተናው መሆኑ ቀርቶ ወሬ ሆነ።

ዛሬ ማታ አንድ «ለምን» ጻፉ። በምትማሩት ቋንቋ።