በጓሮ ድንች ስለ መትከልና ዘሩን ስለ መጠበቅ

በሐምሌና በነሐሴ የጎተራው እህል ሲያልቅ፥ አዲሱም አዝመራ ገና በማሳ ላይ ለምለም ሳለ፥ የገበሬው ቤት እንደሚጨነቅ አገር የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ድንች ግን ከተተከለ በሦስትና በአራት ወር ለምግብ የሚደርስ ስለ ሆነ፥ የበልግ ዝናብ ወይም የመስኖ ውሃ ባለበት ደጋና ወይና ደጋ በየካቲትና በመጋቢት ቢተከል በዚያው በክፉው ወራት ይቆፈራል። ይህ ተክል ሺምፐር በሚባል፥ በትግራይ ይኖር በነበረ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ እጅ በ1850 ዓ.ም. ግድም ወደ አገራችን እንደ ገባ ተጽፏል፤ ስለዚህ እንግዳ ነው ተብሎ የሚናቅበት ዘመን አልፏል።

ጉዳቱ ያለው በዘሩ ላይ ነው። በብዙ ስፍራ ትልልቁ ተበልቶና ተሽጦ፥ ማንም ያልፈለገው ጥቃቅኑ ለዘር ይቀራል። የታመመ ተክል ደግሞ የሚያፈራው ጥቃቅን ስለ ሆነ፥ ይህን የሚያደርግ ሰው ሳያውቅ በሽታውን መርጦ ይዘራል፤ ምርቱም ከዓመት ወደ ዓመት ሲያንስ መሬቱን ይወቅሳል። የሚገባው ግን፥ ተክሉ ሲያብብ ጤነኛውንና ብርቱውን በእንጨት ምልክት አድርጎ፥ ለብቻው ቆፍሮ፥ የዶሮ እንቁላል የሚያህለውን ለዘር ማስቀመጥ ነው። ይኸውም በጉድጓድና በጆንያ ሳይሆን፥ ብርሃን በሚገባበት ነገር ግን ፀሐይ በማይመታው ጥላ ሥር፥ በቆጥ ላይ ሳስቶ ሊሰጣ ይገባል። እንዲህ ሲሆን ቡቃያው አጭርና ወፍራም ይሆናል። ብርሃን አግኝቶ የአረንጓዴነት መልክ ያወጣው ድንች ለዘር መልካም ነው፤ ለመብል ግን መርዝነት ስላለው ወደ ድስት እንዳይገባ ለቤት እመቤቶች ሊነገራቸው ያስፈልጋል።

ባለፈው ዓመት ድንች፥ ቲማቲም ወይም በርበሬ የነበረበት መደብ አይመረጥ፤ የሚያጠወልገው በሽታ በአፈሩ ውስጥ ይቆያልና። መሬቱ በጥልቀት ተቆፍሮ የበሰበሰ ፍግ ከገባበት በኋላ፥ በመስመርና በመስመር መካከል 75፥ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር እየተተወ ይተከላል። ቡቃያው ከፍ ሲል አፈሩን ሁለት ጊዜ ወደ ግንዱ መሳብ ነው።

በክረምት ዝናብና ጉም ሲበረታ ቅጠሉን የሚያጠቁረው በሽታ መደቡን ሁሉ በጥቂት ቀን ያጠፋል። አየርላንድ በምትባለው አገር፥ ድሃው ሕዝብ በድንች ብቻ ይኖር ስለ ነበር፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1845 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ በሽታ በገባ ጊዜ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚሆን ሰው በረሃብና በተከተለው ደዌ አለቀ። እኛም ድንችን በገብስና በጤፍ ላይ እንጨምረው እንጂ በነርሱ ፈንታ አንተካው። በክረምት የሚተክል ሰው፥ በሆለታ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የወጡትን እንደ ጉደኔና በለጤ ያሉትን ዘሮች ይፈልግ።

ይህን ሁሉ በትእዛዝ ብቻ ማስፈጸም አይቻልም፤ ሕዝብ የሚያምነው ያየውን ነው። ሹሙና ባለ ሰፊ ማሳው በገዛ ጓሮአቸው አንድ መደብ ቢተክሉ፥ ከዚያም ለጎረቤት አንድ ቁና የተመረጠ ዘር በመኸሩ እንዲመለስ ቢያበድሩ፥ ከብዙ ደብዳቤ ይበልጣል። በመጨረሻ ግንዱ ሲደርቅ ታጭዶ፥ ድንቹ ልጡ እንዲጠና ሁለት ሳምንት ያህል በአፈር ውስጥ ይቆይ፤ በዶማ የቆሰለውም ከደኅናው ጋር ሳይቀመጥ አስቀድሞ ይበላ።