ስለ ወጪ ደረሰኝና ስለ እንግሊዝ እንደራሴዎች የአበል ሒሳብ

ለንግድ ጉዳይ ወደ ሌላ ከተማ የተላከ ሠራተኛ ተመልሶ ሲመጣ የሒሳብ ሹሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ደረሰኙን ነው። ይህም ሠራተኛውን እንደ ሌባ መቍጠር አይደለም። ደረሰኝ የሚጠየቅበት ምክንያት ገንዘቡ የባለቤቱ ሆኖ ሳለ፥ ባለቤቱ ግን ወጪው በተደረገበት ስፍራ ስላልነበረ ነው። ለማንኛውም ነጋዴ ግልጥ የሆነው ይህ ነገር በእንግሊዝ ፓርላማ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ቸል ተብሎ ኖሮ፥ በ2009 ዓ.ም. ብርቱ የሕዝብ ቍጣ አስነሥቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ጉዳዩ የፖለቲካ ወሬ ቢመስልም በመሠረቱ የሒሳብ አያያዝ ጉዳይ ስለ ሆነ፥ እንዴት እንደ ደረሰ ማስረዳቱ ለንግዱ ኅብረተሰብ ጠቃሚ ይሆናል።

የእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት የሚሰበሰበው በሎንዶን ነው፤ እንደራሴዎቹ ግን የሚመረጡት ከመላ አገሪቱ ነው። ስለዚህ ከሩቅ ቀበሌ የተመረጠ እንደራሴ ሁለት ቤት ማስተዳደር ግድ ይሆንበታል። ለዚህ ለሁለተኛው ቤት ወጪ መተኪያ የሚሆን አበል በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተፈቀደ። እስከዚህ ድረስ ነቀፋ የሚገኝበት አልነበረም። ችግሩ የመጣው፥ በየጊዜው የተነሡት መንግሥታት የእንደራሴዎችን ደመወዝ መጨመር ሕዝብን ያስቈጣል ብለው በመፍራት የደመወዙን ጭማሪ እየገቱ፥ በፈንታው አበሉን ማሳደግ ቀላል ሆኖ ስላገኙት ነው። በ2009 የአንድ እንደራሴ የዓመት ደመወዝ 64,766 ፓውንድ ሲሆን፥ የሁለተኛው ቤት አበል ብቻውን በዓመት እስከ 24,000 ፓውንድ ገደማ ይደርስ ነበር። ብዙዎቹም ይህን ገንዘብ እንደ ወጪ መተኪያ ሳይሆን፥ እንደ ደመወዛቸው ተቀጥላ ይመለከቱት ጀመር። ደመወዝ በአበል ስም ከተከፈለ ደግሞ ደረሰኙ የሥርዐት ማሟያ ብቻ ይሆናል።

ደንቡ በጽሑፍ ሲታይ ጥብቅ ነበር። አበሉ የሚከፈለው ለእንደራሴነት ሥራ የግድ አስፈላጊ ለሆነ ወጪ ብቻ ነው ይላል። አፈጻጸሙ ግን ሌላ ነበር። እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ ከ250 ፓውንድ በታች ለሆነ ወጪ ደረሰኝ አይጠየቅም ነበር፤ ለምግብም በወር እስከ 400 ፓውንድ ያለ ደረሰኝ ይከፈል ነበር። የምክር ቤቱ የሒሳብ ክፍል ለቤት ዕቃ የሚጠየቀው ዋጋ ልክ መሆኑን የሚመዝነው፥ ጆን ሉዊስ የተባለው ትልቅ መደብር በሚሸጥበት ዋጋ ላይ ተመሥርቶ በተዘጋጀ ዝርዝር ነበር። ይህም ዝርዝር ከእንደራሴዎቹ ተሰውሮ ይጠበቅ ነበር፤ የመጨረሻውን ዋጋ ያወቀ ሁሉ እስከዚያው ድረስ ይጠይቃል ተብሎ ተፈርቶ ነው። ገበያ የሚያውቅ ሰው ይህ ስጋት ከንቱ እንዳልነበረ ይረዳል። ከዚህም ሁሉ በላይ የሒሳብ ክፍሉ ሠራተኞች የምክር ቤቱ አገልጋዮች፥ ገንዘብ ጠያቂዎቹ ደግሞ ጌቶቻቸው ነበሩ። ደንቡን ያወጡትም እነዚሁ ጠያቂዎች ራሳቸው ናቸው።

ከስሕተቶቹ ሁሉ ነጋዴን የሚያስደንቀው ስለ ሁለተኛው ቤት የተደረገው ዘዴ ነው። አንድ እንደራሴ ከሁለቱ ቤቶቹ የትኛው «ሁለተኛ» እንደሚባል ራሱ ያስታውቃል። ስለዚህ አንደኛውን ቤት ሁለተኛ ብሎ በአበሉ ካሳደሰ በኋላ፥ ስሙን ለውጦ ሌላውን ሁለተኛ ማድረግና ያንንም ማሳደስ ይችል ነበር። ያው ቤት በፓርላማው መዝገብ ሁለተኛ ቤት ሆኖ፥ በሚሸጥበት ጊዜ ደግሞ ለግብር መሥሪያ ቤት ዋና መኖሪያ ነው ሲባል ከትርፉ ላይ ግብር አይከፈልበትም። ሚኒስትር የነበሩት ወይዘሮ ሄዘል ብሌርስ ደንብ አልጣስሁም ብለው ሳለ፥ የሕዝቡን ቍጣ ባዩ ጊዜ 13,332 ፓውንድ የተጻፈበትን ቼክ በቴሌቪዥን ፊት ይዘው ቀርበው ለግብር መሥሪያ ቤቱ እንደሚልኩት አስታወቁ። አንድ ዕቃ በሁለት መዝገብ በሁለት ስም መጻፉ በማናቸውም ንግድ ቤት ምን እንደሚባል አንባብያን ያውቁታል።

ነገሩ ወደ ብርሃን የወጣው በቀላሉ አልነበረም። የመረጃ ነጻነት ሕግ ከ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ሲሠራበት ጋዜጠኞች ዝርዝሩን ጠየቁ፤ ምክር ቤቱም እንቢ አለ። በ2007 ፓርላማውን ከዚህ ሕግ ነጻ ለማድረግ የቀረበ ረቂቅ በእንደራሴዎቹ ዘንድ ቢያልፍም፥ በሎርዶች ምክር ቤት የሚያቀርበው ሰው አጥቶ ወደቀ። በሜይ 2008 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ዝርዝሩ እንዲገለጥ ፈረደ። ምክር ቤቱ ሰነዶቹን ለማውጣት ሲዘጋጅ፥ ዴይሊ ቴሌግራፍ የተባለው ጋዜጣ ሙሉውን ቅጂ በስውር አግኝቶ ከሜይ 8 ቀን 2009 ጀምሮ በየቀኑ ያትም ጀመር። በጁን ወር ምክር ቤቱ ራሱ ሰነዶቹን ሲያወጣ ብዙው ክፍል በጥቍር ቀለም ተደምስሶ ነበር፤ ከተደመሰሱትም አንዱ የቤቶቹ አድራሻ ነው። ጋዜጣው ባይቀድም ኖሮ የቤቶቹ መለዋወጥ ከቶ ባልታወቀ ነበር።

ሕዝቡ ካነበበው ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ትንንሹን ነው። ሰር ፒተር ቪገርስ በኵሬ ላይ ለሚንሳፈፍ የዳክዬ ቤት 1,645 ፓውንድ ጠይቀው ነበር፤ ሚስተር ዳግላስ ሆግ ባቀረቡት ዝርዝር ውስጥ የቤታቸውን ዙሪያ የውሃ ቦይ ለማስጠረግ የወጣ 2,115 ፓውንድ ሰፍሮ ተገኘ። የአገር ግዛት ሚኒስትር የነበሩት ወይዘሮ ጃኪ ስሚዝ ሒሳብ ደግሞ የ88 ፔንስ የመታጠቢያ ገንዳ መድፈኛ ነበረበት። የዳክዬው ቤት ገንዘብ እንኳ አልተከፈለም፤ የሒሳብ ክፍሉ አይፈቀድም ብሎ መልሶታል። እንግዲህ ቍጥጥሩ ከሠራባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ የሥርዐቱ መሳለቂያ ምልክት ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ብዙው ገንዘብ የሄደው ግን በቤት ብድር ወለድ ነበር፤ እርሱ ደግሞ የሚያስቅ ነገር ስለሌለው ብዙም አልተወራለትም።

ጊዜውም ክፉ ነበር። ባንኮች በሕዝብ ገንዘብ ከውድቀት የተረፉበት፥ ንግድ የቀዘቀዘበትና ብዙ ሰው ከሥራው የተሰናበተበት ዓመት ነበር። ማንኛውም ግብር ከፋይ ለግብር መርማሪው ስለ እያንዳንዱ ወጪ መልስ ሲሰጥ፥ ግብሩን የሚደነግጉት ሰዎች ከዚህ ግዴታ ውጭ መኖራቸው ከገንዘቡ መጠን ይልቅ አስቈጣው። አፈ ጉባኤው ሚስተር ማይክል ማርቲን ሰነዱን ያሾለከው ሰው በፖሊስ እንዲፈለግ አድርገው፥ ይህን የነቀፉትን እንደራሴዎች በመቈጣታቸው ድጋፍ አጥተው በሜይ 19 ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ። ከ1695 ዓ.ም. ወዲህ ተገዶ የወረደ አፈ ጉባኤ አልነበረም።

ሰር ቶማስ ሌግ የተባሉ የቀድሞ ከፍተኛ ባለሥልጣን ሒሳቡን መርምረው፥ በ2010 መጀመሪያ ከመረመሯቸው ከግማሽ የሚበልጡት እንደራሴዎች በጠቅላላው ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዲመልሱ አዘዙ። አብዛኛዎቹ ደንቡ የፈቀደውን የወሰዱ ስለ ነበሩ ከመክፈል በቀር ክስ አልነካቸውም፤ ከነዚህም መካከል በቅንነት የጠየቁና ስማቸው ከአታላዮቹ ጋር አብሮ የጐደፈ እንደ ነበሩ መካድ አይገባም። በግልጽ ያጭበረበሩት ግን ለፍርድ ቀረቡ። ኤሊዮት ሞርሊ ተከፍሎ ላለቀ የቤት ብድር ወለድ ሲቀበሉ ኖረዋል። ጂም ዴቫይን ላልተሠራ የኅትመት ሥራ የሐሰት ደረሰኝ አቅርበዋል። ዴቪድ ቼይተር የራሳቸው ለሆነ ቤት ኪራይ ጠይቀዋል። እነዚህ ሦስቱ በ1689 የወጣውን ጥንታዊ ሕግ ጠቅሰው በፓርላማ መብት ምክንያት በተራ ፍርድ ቤት ልንከሰስ አይገባንም ቢሉም፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 መከራከሪያቸውን ውድቅ አደረገው። በ2011 ዓ.ም. አራት የቀድሞ እንደራሴዎችና ሁለት የሎርዶች ምክር ቤት አባላት በእስራት ተቀጡ።

ከዚያ በኋላ ፓርላማው የራሱን ቦርሳ መያዝ ተከለከለ። በ2009 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ነጻ ባለሥልጣን ከሜይ 2010 ምርጫ ጀምሮ የእንደራሴዎቹን ወጪ እየመረመረ ይከፍላል፤ የከፈለውንም ለሕዝብ ያትማል። ለቤት ብድር ወለድ መጠየቅም እስከ ኦገስት 2012 ድረስ ቀስ በቀስ ቀርቶ፥ ለቤት የሚከፈለው በኪራይ ላይ ተወሰነ። ደመወዙን የመወሰን ሥልጣን ለዚሁ ባለሥልጣን ስለ ተሰጠ፥ በ2015 ዓ.ም. የእንደራሴው የዓመት ደመወዝ ከ67,060 ወደ 74,000 ፓውንድ ከፍ አለ። ጭማሪውን ሕዝቡም የፓርቲ መሪዎችም ነቅፈውታል፤ ነገር ግን በአበል ስም ሳይሆን ደመወዝ ተብሎ፥ ቍጥሩም ለማንም ሰው በሚታይበት መዝገብ ተጽፎ ነው።