ልማድን በክርክር ማወቅ

ክርክር ለአገራችን ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም። በድሮ ጊዜ ባለጉዳዮች ዛፍ ጥላ ሥር ቆመው፣ አላፊ አግዳሚውን ዳኛ አድርገው፣ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ይሟገቱ ነበር። ንግግር አዋቂው ያሸንፋል፤ አንደበቱ የተሳሰረበት ግን እውነት ይዞም ቢሆን ይሸነፋል።

በትምህርት ክፍል የሚደረግ ክርክር ከዚህ ይለያል። ዓላማው ሰውን መርታት ሳይሆን ነገሩን ማወቅ ነው። በተለይም የአንዱን ሕዝብ ልማድ ከሌላው ልማድ ጋር ለማነጻጸር ጥሩ ዘዴ ነው።

ሐራን እንውሰድ። ሐራ ከወልድያ በታች፣ ወደ ቆላው ያለች ከተማ ናት። ከዚያ መንገዱ ወደ ጭፍራ፣ ወደ አፋር ምድር ይወርዳል። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቀበሌ ይኖራል። ገበሬውና አርብቶ አደሩ ጎረቤት ነው። ሰው ደግሞ ያላደገበትን ልማድ ሲያይ መፍረድ ይቀናዋል። «እነዚያ እንዲህ ናቸው» ይላል። ነገሩ ቀልድ መስሎ ይጀምርና ንቀት ይሆናል። ንቀት ባለበት አገር በግጦሽ ወይም በውሃ ትንሽ ጠብ ቢነሳ፣ ቶሎ ወደ ደም ይሄዳል። ስለዚህ የሌላውን ልማድ ማወቅ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም።

ለምሳሌ ያህል የአፋሮችን ዳጉ እንመልከት። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ሰጥተው ብቻ አይተላለፉም። ቆም ብለው ወይም ተቀምጠው፣ ያዩትንና የሰሙትን በተራ ይነጋገራሉ። ይህ ዳጉ ይባላል። እንግዲህ በክፍል ውስጥ «ዳጉ ጊዜ ማባከን ነው ወይስ ጥቅም አለው?» የሚል ጥያቄ ይነሳ።

አንዱ ወገን እንዲህ ይላል፦ «እኛ ገበሬዎች እርሻ ይጠብቀናል። ካገኘነው መንገደኛ ሁሉ ጋር ወሬ ከያዝን ሥራ እንፈታለን።»

ሌላው ወገን ይመልሳል፦ «አርብቶ አደር ዛሬ ያደረበት ቦታ ነገ ላያድር ይችላል። ዝናብ የት ጣለ? ሣሩ የት ለመለመ? የከብት በሽታ የት ገባ? መንገዱ ሰላም ነው? ይህን ካላወቀ ከብቱ ያልቃል። ዳጉ ለእሱ ጋዜጣው ነው። ሐሰት የሚያወራም ይነወራል። እናንተስ ቡናውን አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያላችሁ ስታፈሉ ሥራ አልፈታችሁም?»

እዚህ ላይ ክፍሉ ይስቃል። ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩ ይገለጣል። ገበሬውም ወሬ የሚለዋወጥበት ቦታ አለው። በገበያ፣ በቅሬ፣ በቡና ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ሲወጣ ወሬ ይሰማል። እርሻው አንድ ቦታ ስለሆነ ወሬው ወደ እሱ ይመጣል። አርብቶ አደሩ ግን ከወሬው ጋር መንገድ ላይ ይገናኛል። ችግሩ አንድ ነው፤ መፍትሔው ግን እንደ አኗኗሩ ተለያየ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚባለው ለዚህ ነው። ልማድን ስናነጻጽር «ማን ይበልጣል?» ሳይሆን «ለምን?» ብለን እንጠይቅ።

በወሎ የምናውቀው ሌላም ምሳሌ አለ። ክርስቲያን ሠርግ ሲደግስ፣ ለእስላም ጎረቤቶቹ ከብት ለይቶ ያቀርባል፤ የሚያርደውም እስላም ነው። እስላም ሲደግስም ለክርስቲያኑ እንደዚሁ ያደርጋል። ሁለቱም ሃይማኖታቸውን ሳይለቁ ደስታውን ይካፈላሉ። ልዩነትን ማወቅ ለመኖር የሚጠቅመው እንዲህ ነው።

ታዲያ ልማድ ሁሉ ደግ ነው ማለት ነው? አይደለም። «ለምን?» ካልን በኋላ «ማንን ይጎዳል?» ማለት አለብን። ልጅን ያለዕድሜዋ መዳር ለወላጆች ምክንያት ይኖረው ይሆናል፤ ዝምድና ለማጥበቅ ወይም ክብር ለመጠበቅ ይሉታል። ጉዳቱ ግን በልጅቱ ላይ ነው። ሰውነቷ ሳይጠና ስታረግዝ ምጥ ይጠናባታል። በዚህም ሽንት መቆጣጠር የሚያሳጣው ፌስቱላ ሊያገኛት፣ ሕይወቷም ሊያልፍ ይችላል። የ1992 ዓ.ም. የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ያለዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። እንዲህ ያለው ልማድ የሌላ ሕዝብም ይሁን የራሳችን፣ አባቶቻችን ያደረጉት ነው ተብሎ አይታለፍም።

ክርክሩ እንዴት ይካሄዳል?

1ኛ/ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ልማድ ይመረጥ። በብዙ ነገር መጀመር ያደናግራል።

2ኛ/ ሁለት ወገን ይከፈል፤ አንድ ዳኛም ይሰየም። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ 5 ደቂቃ ይበቃል። ሴቶችም እኩል ይናገሩ።

3ኛ/ ልማዱን ሳይሆን ሰውን የሚሰድብ ቢኖር ዳኛው ያስቁም።

4ኛ/ ከዚያ ወገኖቹ ቦታ ይለዋወጡ። ዳጉን የነቀፈ አሁን ይደግፈው። ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው። ስለ ሌላው ሰው ሆኖ ለመናገር መጀመሪያ የሌላውን ምክንያት መፈለግ ያስፈልጋል።

5ኛ/ የተባለው ነገር በሰሌዳው ላይ በሦስት ረድፍ ይጻፍ፤ ልማዱ፣ ምክንያቱ፣ የሚጎዳው ሰው። ተማሪዎች ተራ በተራ ያንብቡት።

መጻፉ ይጠቅማል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ፣ ኋላ 15 ቋንቋዎች ደርሷል። አፋርኛም ከእነዚህ አንዱ ነበር። ማንበብና መጻፍ የቻለ ሕዝብ ልማዱን ራሱ ይናገራል እንጂ ሌላ ሰው አይናገርለትም። የአፋሩን ምክንያት ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው አፋሩ ነው። ስለዚህ ከክርክሩ በኋላ ገበያ ስትወጡ ባለቤቱን ጠይቁ። የጻፋችሁት ትክክል መሆን አለመሆኑን እሱ ይነግራችኋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ/ ዳጉ ለአርብቶ አደር ምን ይጠቅመዋል?

ለ/ በቀበሌያችሁ ወሬ የሚሰማው የት የት ነው?

ሐ/ ከራሳችሁ ልማድ ሰውን የሚጎዳ የትኛው ነው? ማንን ይጎዳል?