ከኮፈን ስር ለሚነሳ እሳት የትኛው ማጥፊያ ይበጃል?

ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገቡ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በሰንዳፋና በለገጣፎ በኩል የካ ክፍለ ከተማ፣ ኮተቤ የሚደርሰው መንገድ ድርቆሽና ጭድ የጫኑ መኪኖች ይበዙበታል። ጭነቱ የአዲስ አበባ የወተት ላሞች ቀለብ ነው። በዚሁ ወቅት ትራክተሮችና ኮምባይነሮችም ከማሳ ማሳ ይዘዋወራሉ። ከከተማዋ በላይ ደግሞ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው እንጦጦ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባውን ባሕር ዛፍ ለብሶ ይታያል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው በበጋ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ጭድ፣ የጋለ ሞተርና ደረቅ ደን በተቀራረቡበት አካባቢ የአንድ ማሽን እሳት የባለቤቱ ብቻ ጉዳት ሆኖ አይቀርም።

የሞተር እሳት መነሻው የታወቀ ነው። ገለባና አቧራ በማርሚታና በቱርቦ ላይ ይጠራቀማል፤ የናፍጣ ወይም የሃይድሮሊክ ቱቦ ያፈሳል፤ የባትሪና የሞተሪኖ ሽቦ ይላጣል፤ ኩሽኔታ ቅባት አጥቶ ይግላል። በጭነት የሚሠራ ቱርቦ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ናፍጣ ግን ከዚህ ግማሽ በማይሞላ ሙቀት ያለ ብልጭታ ይያያዛል። ሹፌሩ ጭስ አይቶ ኮፈኑን ሲከፍት እሳቱ ተጨማሪ አየር ያገኛል። አውቶማቲክ ማጥፊያ የሚፈለገው ኮፈኑ እንደተዘጋ ሥራውን እንዲጀምር ነው።

እሳቱን የሚለይበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ግፊት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ሲሆን፣ ነበልባል ባገኘው ቦታ ፈንድቶ ማጥፊያውን ይለቅቃል፤ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ሁለተኛው ሙቀት የሚለይ ሽቦ ነው፤ ሹፌሩን በደወል ያስጠነቅቃል፣ ሞተሩንም እንዲያጠፋ ማድረግ ይቻላል። ሆኖም ባትሪው ጤነኛ መሆን አለበት።

ዋናው ምርጫ ግን ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ነው። ደረቅ ዱቄት ነበልባልን ፈጥኖ ይመታል፤ የጋለውን ብረት ስለማያቀዘቅዝ ግን የሚያፈስ ናፍጣ ካለ እሳቱ ዳግም ሊነሳ ይችላል። አረፋ ያቀዘቅዛል፣ የፈሰሰውንም ነዳጅ ይሸፍናል። እንደ ደብረ ብርሃን ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት አካባቢ ግን የማይረጋ ዓይነት መሆኑን ከመለያው ላይ ማረጋገጥ ይገባል። ጋዝ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ማራገቢያ በሚነፍስበት ክፍት የሞተር ክፍል ቶሎ ይበተናል። ሀሎን የሚባለው አሮጌ ጋዝ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት ምርቱ እንዲቆም የተደረገ በመሆኑ፣ በርካሽ ቢቀርብ እንኳ መግዛት አይበጅም።

ገዢው የሞተር ክፍሉን ስፋት አስለክቶ ለዚያ የሚበቃ መጠን ይጠይቅ። አፍንጫዎቹ ወደ ቱርቦው፣ ወደ ነዳጅ መስመሩና ወደ ሞተሪኖው ይዙሩ። ጠርሙሱ ከማርሚታ ይራቅ፤ የግፊት መለኪያውም ኮፈን ሳይፈታ ይነበብ። መልሶ የሚሞላ ባለሙያ በቅርብ ከሌለ ግዢው ለአንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ጽዳትን አይተካም። በመኸር ወቅት በየቀኑ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ገለባውን ማራገፍ፣ የሚያፈስ ቱቦ መቀየር፣ በእጅ የሚያዝ ማጥፊያም መያዝ ያስፈልጋል። ማሽን የሚያከራዩ ዩኒየኖችና የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ኮምባይነር ማሳ ከመግባቱ በፊት መለኪያውን ማየትን የውል አካል ቢያደርጉት የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃ ነው። በአዲስ አበባ ክልል ውስጥ እሳት ከተነሳ 939 መደወል ነው፤ በገጠር ማሳ ላይ ግን የመጀመሪያው ደራሽ ማሽኑ ላይ ያለው ጠርሙስ ነው።