ሕፃኑ ሲኒውን ለምን ይመኛል?

ቡና በሚፈላበት ቤት ሁለት ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ ከረከቦቱ አይርቅም። ፈንዲሻው ተዘግኖለት እንኳ ዓይኑ ሲኒው ላይ ነው። ለምደነው አያስደንቀንም እንጂ ነገሩ እንቆቅልሽ ነው፤ ሰው መራራን እየጠላ ነው የሚወለደው። ጡት ያልቀመሰ ጨቅላ ምላሱ ላይ መራራ ጠብታ ሲያርፍበት ፊቱን ያጨማድዳል፣ አፉን ከፍቶ ሊተፋው ይታገላል። ብዙ የዕፅዋት መርዞች መራራ ስለሆኑ ሳይሆን አይቀርም፣ ምላሳችን ለዚህ ጣዕም ብቻ 25 ያህል የተቀባይ ዓይነቶች አሉት። ካፌይንም ቢሆን የቡና ተክል ራሱን ከተባይ የሚከላከልበት ንጥረ ነገር ነው።

መልሱ ከጣዕሙ ይልቅ በዙሪያው ከተቀመጡት ሰዎች ዘንድ ያለ ይመስለኛል። መሄድ የጀመረ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል፤ የሚበላውን ከማይበላው የሚለይበት ዋነኛ ምልክት ደግሞ ቤተሰቡ የሚበላው ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሕፃናት የማያውቁትን ምግብ ወደ አፋቸው የሚያስገቡት ትልቅ ሰው እንዲሁ ሲያቀርብላቸው ሳይሆን ራሱም አብሮ ሲበላ በብዛት ነው። ቡናን ያህል ትልልቆች አብረው የሚጠጡት፣ ያን ያህልም የሚደክሙለት ነገር በቤት ውስጥ የለም፤ ታጥቦ ይቆላል፣ ጭሱ ለእንግዳ ይዞራል፣ ተወቅጦ ይፈላል፣ ከጀበናው በቀጭኑ ይንቆረቆራል፣ ከአቦል እስከ በረካ ማንም አይነሳም። ልጁ ይህን ሁሉ አይቶ ሲኒውን ባይመኝ ነበር የሚገርመው።

«ስኳሩ ነው የሳበው» የሚል ይኖራል። ስኳር መራራነቱን ስለሚሸፍን ልጁ ለምን እንደሚጨርሰው ያስረዳል፤ የስኳር ዕቃውን ትቶ ለምን ሲኒውን እንደሚጠቁም ግን አይነግረንም። ክልከላው ነው የሚለው ክርክር ይበልጥ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት፣ ልጆች ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ የተከለከሉትን ምግብ ይበልጥ እንደሚመኙ አረጋግጧል። ያም ቢሆን ፍላጎቱን ያባብሰዋል እንጂ አይወልደውም፤ በረኪናም የተከለከለ ነው፣ ዙሪያውን ከቦ የሚጠጣው ስለሌለ ግን ሲኒውን ያህል አያጓጓም።

ቡና ዕድገት ያቀጭጫል የሚለው ስጋት ማስረጃ የለውም። አሜሪካ ውስጥ ቡናን ያስወነጀሉት በከፊል የፖስተም ማስታወቂያዎች ናቸው፤ ሲ. ደብሊው. ፖስት እ.ኤ.አ. በ1895 በቡና ምትክ ለገበያ ያቀረበው የተቆላ ስንዴ መጠጥ ነበርና። እውነተኛው ጉዳይ እንቅልፍና ብረት ነው። ካፌይን ድካምን የሚያሳውቀውን አዴኖሲን ቦታውን ይዞ ያግደዋል። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ለልጆች አያሰጋም ያለው መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 3 ሚሊግራም ነው፤ 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 36 ሚሊግራም ብቻ። ወፍራም አቦል ይህን ለመሙላት ብዙ አይፈጅበትም። ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ደግሞ ሰውነት ብረትን እንዳይመጥ ያደናቅፋል፤ ለሚያድግ ልጅ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ልጁን የጠራው ወጉ ከሆነ፣ ቡናውን መከልከል ከረከቦቱ ማባረርን አይጠይቅም። የራሱ ሲኒ ይሰጠው፣ ወተት ይቀዳለት፣ ከትልልቆቹ ጋር እኩል ተራው ይድረሰው። አራት ዓመት የሞላው ግን የወተቱን ንጣት አይቶ መከራከሩ አይቀርም፤ ለእሱ ጠቆር ተደርጎ የተቆላ ገብስ ይፈላል፣ ካፌይን የለውም፣ መልኩም ከበረካ እምብዛም አይለይም።