ትኩሳት ነውር አይደለም፦ በኮሮና ጊዜ የአንዲት የጤና ሠራተኛ ውሎ



በቅርቡ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቻችንን አንድ ጥያቄ ጠየቅናቸው። «በኮሮና ጊዜ ሁሉም ቤቱ ሲቀመጥ ማን ነበር ከቤት የሚወጣው?» አንዱ «ፖሊስ» አለ፣ ሌላው «ቦዳቦዳ ነጂ» አለ። በየቤቱ እየዞረች የምትጠይቀንን የጤና ሠራተኛ ያስታወሰች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። አይፈረድባቸውም፤ ያኔ ትንንሾች ነበሩ። እኛ ትልልቆቹ ግን ልንረሳት አይገባም። ስለዚህ በዚህ እትም የእሷን ውሎ እንጽፋለን፣ በዚያውም ሥራዋ ለምን እንደዚያ እንደነበረ እናስረዳለን። ስሟን አንጠቅስም፤ እሷም አልፈለገችም።

ነገሩ እንዴት ጀመረ?

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ያለው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ነው። ከ2 ቀን በኋላ፣ ማርች 13፣ ኬንያም ኢትዮጵያም የመጀመሪያውን በሽተኛ በአንድ ቀን አሳወቁ። ያለንበትም አገር፣ የመጣንበትም አገር ማለት ነው። በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከማርች 27 ጀምሮ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ሰዓት እላፊ ታወጀ። ኤፕሪል 29 ቀን ደግሞ መንግሥት ወደ ካኩማና ወደ ዳዳብ ካምፖች መግባትም ሆነ ከዚያ መውጣት ከለከለ። በሜይ ወር በሽታው በሁለቱም ቦታ ተገኘ።

«ቤት ተቀመጡ» ማለት ለከተማ ሰው አንድ ነገር ነው፣ ለእኛ ግን ሌላ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ 7 ሰው ይተኛል። ቧንቧው የጋራ ነው፣ የራሽን ሰልፉ የጋራ ነው። በካኩማ ሙቀት ደግሞ ቀኑን ሙሉ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቀመጥ ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንዲህ ባለ ሰፈር በሽታን የሚያቆመው በር መዝጋት ብቻ አይደለም። በር እያንኳኳ የሚጠይቅ ሰውም ያስፈልጋል።

ውሎዋ

እህታችን የምትኖረው ከእኛው ብሎክ ነው። ሥራዋ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ይባላል። ነርስ አይደለችም፤ ሥልጠና ወስዳ በሰፈሩና በክሊኒኩ መካከል የምትመላለስ ናት። የሚከፈላት ደመወዝ ሳይሆን እንደኛ እንደ ስደተኛ መምህራኑ ኢንሴንቲቭ ነው። ትንሽነቱን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ቧንቧ ትሄዳለች፣ ሰው ሳይበዛ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ክሊኒክ ትደርሳለች፤ ማስክና መዝገብ ትቀበላለች። ከዚያ ቤት ለቤት ነው። ግቢ አትገባም። ከአጥሩ ውጭ ራቅ ብላ ትቆምና በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በስዋሂሊ ሦስት ነገር ትጠይቃለች፦ ትኩሳት ያለው ሰው አለ? የሚያስል አለ? ከሌላ ቦታ የመጣ እንግዳ አለ?

እጅ መታጠብንም ታሳያለች። ጀሪካን በገመድ ይታሰርና በእግር ሲረገጥ ውሃ ያፈሳል፤ እጅ ጀሪካኑን ስለማይነካው በሽታ አይተላለፍም። ሳሙና ለምን አስፈለገ? የኮሮና ቫይረስ ከላዩ በስብ የተሠራ ስስ ሽፋን አለው። ሳሙና የሰሐን ቅባት እንደሚያስለቅቅ ሁሉ ያንን ሽፋን ይበትነዋል፤ ሽፋኑ ሲፈርስ ቫይረሱ አይሠራም። ይህ ግን ጊዜ ይፈልጋል። 20 ሰከንድ እሹ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ውሃ ብቻ ማፍሰስ አይበቃም።

ሌላው ሥራዋም አልቆመም። ኮሮና መጣ ብሎ እርጉዝ ሴት መውለዷን አትተውም፤ የቲቢ በሽተኛም መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። የሕፃናትን ክንድ የምትለካበት ባለቀለም ቴፕ ነበራት። መንካት ስለማይቻል ቴፑን ለእናቲቱ እየሰጠች ራሷ እንድትለካ አስተማረች። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በላይ አረንጓዴ ነው፣ ደህና ነው። ከ11.5 በታች ከሆነ ቀይ ነው፤ ልጁ በጣም ስለተጎዳ ቶሎ ክሊኒክ መሄድ አለበት። በመካከሉ ያለው ቢጫ ነው፣ ክትትል ይፈልጋል። ብዙ እናቶች ይህን የተማሩት ያኔ ነው።

ከሰዓት በኋላ ተለይተው የተቀመጡትን ትከታተላለች። እዚህ ላይ ሁለት ቃላት ይምታቱብናል። ኳራንታይን ማለት በሽታው ይያዘው አይያዘው ያልታወቀ፣ ግን ከበሽተኛ ጋር የተገናኘ ሰው ተለይቶ ሲቆይ ነው። አይሶሌሽን ደግሞ መታመሙ የተረጋገጠው ሰው ሲለይ ነው። 14 ቀን የተባለው በሽታው ከተያዘ በኋላ ምልክቱ እስከ 14 ቀን ሊዘገይ ስለሚችል ነው።

ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ቤቷ ትደርሳለች። ልጆቿ ወደ እሷ ሊሮጡ ሲሉ «ቆይ! ቆይ!» ትላቸዋለች። ውጭ ታጥባ ልብስ ሳትቀይር አታቅፋቸውም። ለብዙ ወራት የምትበላው ለብቻዋ ነበር። ስልኳን ግን አትዘጋም።

ሰው ትኩሳቱን ለምን ደበቀ?

ከሁሉም ያስቸገራት በሽታው ሳይሆን ዝምታው ነበር። ሰው ትኩሳቱን ይደብቃል። አንደኛ፣ ኳራንታይን ከገባሁ ራሽኔን ማን ይቀበልልኛል፣ ልጆቼን ማን ያይልኛል ብሎ ይፈራል። ሁለተኛ፣ ስሙ ይጠፋል፤ «የኮሮና ቤት» ይባላል። ሦስተኛ፣ ወሬው ብዙ ነው፦ «የፈረንጅ በሽታ ነው፣ ሙቀት ይገድለዋል፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይበቃል።»

ይህ አደገኛ የሚሆነው ለምንድን ነው? ኮሮናም ወባም በትኩሳት፣ በራስ ምታትና በቁርጥማት ሊጀምሩ ይችላሉ። በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ ምርመራ ያስፈልጋል። ከባዱ የወባ ዓይነት ደግሞ ካልታከመ በ24 ሰዓት ውስጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። እንግዲህ ኮሮና እንዳይባል ትኩሳቱን የደበቀ ሰው፣ ሊድን ከሚችል ወባ ጋር ቤቱ ተዘግቶ ይቀመጣል ማለት ነው።

ይህን ስንጽፍ ሌላውን እየወቀስን አይደለም። እኛም አድርገነዋል። ልጆቻችንን «እሷ ጋ እንዳትሄዱ፣ ከበሽተኛ ቤት ነው የምትመጣው» ብለናል። ቧንቧ ላይ ሰዎች ጀሪካናቸውን ከጀሪካኗ ሲያርቁ አይተን ዝም ብለናል። አንድ ቀን የ4 ዓመት ልጃችን አተኮሰው። በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዷ መጥታ ከአጥር ውጭ ጠየቀችን። «ሁሉ ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልናት። መምህር ነን፣ በሽታ በትንፋሽ እንዴት እንደሚተላለፍ ለልጆች ያስተማርን ነን፤ ግን ፈራን።

በዚያው ምሽት 3 ሰዓት ገደማ ልጁን አንቀጠቀጠው፤ ዓይኑ ተገለበጠ። ቦዳቦዳ ነጂ ጎረቤታችንን ብንለምነው «ሰዓት እላፊ ነው፣ ይይዙኛል» አለ። እሱም እውነቱን ነው። የቀረን የእሷ በር ነበር። ማስኳን አድርጋ ወጣች፣ ወዲያው አምቡላንስ ደወለች። ልጁን በጎኑ እንድናስተኛው፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት እንዳንከት ነገረችን። (ይህን ልብ በሉ፤ የሚያንቀጠቅጠው ሰው ሲያጋጥም ማድረግ ያለብን ይኸው ነው።) አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «ስንት ቀኑ ነው?»

«ሁለት» አልናት። ምንም አላለችም።

አምቡላንሱ መጣ፤ ከጣቱ ደም ተወሰደ፤ ወባ ነበር። ልጃችን ከ3 ቀን በኋላ ድኖ ወጣ። በማግስቱ ያው አጥር ጋ ቆማ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችን፦ «ትኩሳት ያለው ሰው አለ?» ከዚያ ቀን ጀምሮ እውነቱን ነው የምንነግራት። ለሰፈሩም የምትለው ይህንኑ ነበር፦ «ትኩሳት ነውር አይደለም፣ ተናገሩ።»

ለመምህራን የቀረ ሥራ

ትምህርት ቤቶች ሙሉ በሙሉ የተከፈቱት በጃንዋሪ 2021 ነው። ክትባት ኬንያ የገባው በማርች 2021፣ ሰዓት እላፊው የተነሣው በኦክቶበር 2021 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታው አበቃ ያለው ሜይ 5 ቀን 2023 ነው። በሽታ ግን አላበቃም። በ2022 መጨረሻ ዳዳብ ውስጥ ኮሌራ ነበር፤ በ2024 ኤምፖክስ ኬንያ ገባ። ወደፊትም ሌላ ሲመጣ በር የሚያንኳኳው ያው ሰው ነው፤ የሚያድነንም እሱ ሲጠይቀን የምንሰጠው መልስ ነው።

ስለዚህ መምህራን በሽታ የያዘውን ልጅ የሚያሸማቅቅ ቃል በክፍላችሁ ሲነገር በዝምታ አትለፉት። ተማሪዎችም ቤት ስትገቡ የክንድ ቴፑንና የሳሙናውን ነገር ለወላጆቻችሁ አስረዱ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ያኔ ሸክሙን ለአንዲት ሴት ጥለንባት ነበር።

ለክፍል ውይይት፦
1. በኳራንታይንና በአይሶሌሽን መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. ትኩሳትን መደበቅ ለቤተሰብም ለሰፈርም የሚያመጣው ጉዳት ምንድን ነው?
3. በብሎካችሁ ያለውን የጤና ሠራተኛ ታውቁታላችሁ? ሥራውን ለማቅለል ክፍላችሁ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ቸር ይግጠመን።